የሐሞቱ ሽቦ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ለእሳቸው በጾም ቀን የቀመስኩትን፣ ጎረቤት ያማሁትን፣ በቅዳሴ ሰዓት ያንቀላፋሁትን በየዓመቱ ስነግራቸው ኖሬአለሁ። ስገጂ ሲሉኝ ሰግጃለሁ። ትንንሽ ኃጢአት መናዘዝ እወዳለሁ፤ ሰው ስለ ራሱ መልካም እንዲያስብ ያደርጋል። ይህችን አንዷን ግን አስቀርቼ አረጀሁ።

አሁን እንድጽፋት ያስገደደኝ ጸጸት ነው ብል እዋሻለሁ። የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ባዮሎጂ ታስተምራለች። በቀደም ዕለት ትምህርት ቤታቸው በጣት ሲነኩት የሚታዘዝ ነጭ ሰሌዳ እንደገባለት ነግራኝ እንዳይ ይዛኝ ሄደች። ሰሌዳው ላይ የሰው ልብ ይመታል። አንድ ተማሪ ወጣና ከልቡ ክፍሎች የአንዱን ስም በጣቱ ጎትቶ ሥዕሉ ላይ ሲያሳርፈው አረንጓዴ ምልክት ብልጭ አለ፤ ክፍሉ አጨበጨበ። ቀጥላ የወጣችው ልጅ ቀይ ምልክት መጣባት፤ ክፍሉ ሳቀባት።

«አየሽ አክስቴ» አለችኝ የእህቴ ልጅ፤ «እሱ እንደ እኛ አይሳሳትም፣ ሰው አይቶም አያዳላም።»

የሳቁትን ልጆች አየኋቸው። እሷንም አየኋት። ናቅኋቸው። ወዲያው ደግሞ እኔ ማንንም ለመናቅ የማልበቃ ሴት መሆኔ ትዝ አለኝ። ሻይ ልጋብዝሽ ስትለኝ እምቢ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ወረቀት አወጣሁ።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የማትሪክ ውጤቴ የትም የማያስገባ ሆኖ፣ ከደብረ ብርሃን ትምህርት ቤቶች በአንዱ በጊዜያዊነት ተቀጠርኩ። አባቴ አንኮበር የሚቀድሱ ቄስ ነበሩ። የተመደብኩት ትምህርት ማበልጸጊያ የሚባለው ክፍል ነው። ስሙ ትልቅ ነው። ቤቱ ግን ጣሪያው የሚያፈስ፣ በመስኮቱ የደብረ ብርሃን ነፋስ እንደልቡ የሚገባበት የድሮ ዕቃ ቤት ነበር። ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ ስላልነበረ ማስተማሪያውን ከአካባቢያችሁ ዕቃ ሥሩ ተብሎ ታዟል። እኛም ከካርቶን የመሬት ሉል፣ ከጣሳ ክዳን ሚዛን፣ ከበግ አጥንት የሰው ጀርባ እንሠራ ነበር። አብዛኛው የማይረባ ነው። እንግዳ ሲመጣ አቧራው ይራገፋል፣ እንግዳው ሲሄድ ተመልሶ ይቆለፍበታል። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር። በአንገቴ አንጠልጥዬው እዞር ነበር። የካርቶን ሉል የሚቆለፍበትን ቁልፍ በአንገቱ አድርጎ የሚኮራ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ እንደዚያ ነበርኩ።

ከዚያ ሁሉ ኮተት መሐል አንድ ብቻ እውነተኛ ነገር ነበር። የባዮሎጂ መምህሩ ያሰበው ሰሌዳ ነው። ሰፊ ኮምፔርሳቶ ላይ ሆዱ የተከፈተ ሰው በቀለም ይሳላል። ልቡ፣ ሳንባው፣ ጉበቱ፣ ኩላሊቱ እያንዳንዱ ላይ አንድ ምስማር ይመታል። በሰሌዳው ግራና ቀኝ ጠርዝ ደግሞ ስሞቹ በእንግሊዝኛ ተዘበራርቀው ይጻፋሉ፤ በየስሙ አጠገብም ምስማር አለ። ከጀርባ በኩል የሥዕሉን ምስማር ከስሙ ምስማር ጋር ሽቦ ያገናኛቸዋል። ከፊት ሁለት ረጃጅም ሽቦዎች ይንጠለጠላሉ። ተማሪው አንዱን ሥዕሉ ላይ፣ ሌላውን ስሙ ላይ ያስነካል። ካወቀ ራስጌው ላይ ያለችው የእጅ ባትሪ አምፑል ትበራለች። ካላወቀ አትበራም። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ስላልነበረ ልጆቹ በመስኮት እየተንጠላጠሉ ያዩት ነበር።

መምህሩ የሽቦውን አካሄድ በወረቀት ላይ ስሎ ሰጠኝና ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሩቅ አውራጃ ሄደ። ሥራውን የጨረስኩት እኔ ነኝ።

በዚህ ሥራ ያገዘችኝ አንዲት ተማሪ ነበረች። ዘሃራ ትባላለች። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከአሊዩ አምባ መጥታ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። አባቷ አቶ ይማም በአሊዩ አምባ ገበያ በግና ፍየል አርደው ይሸጣሉ። ከክፍል ስትወጣ እኔ ዘንድ መጥታ ቀለም ትበጠብጥልኛለች፣ ምስማር ታቀብለኛለች። አልወዳትም ነበር። ለምን አልወደድኳትም? ብዙ ምክንያት ስሰጠው ኖሬአለሁ። እውነቱ ይህ ነው፤ የምታውቀው ነገር ነበራት፣ እኔ የማውቀው የለኝም። ሐሞቱን ሰማያዊ ቀለም ስቀባው ቆማ አየችና፣

«እትዬ አስካለ፣ ሐሞት እኮ አረንጓዴ ነው» አለችኝ።

«መጽሐፉ ላይ ሰማያዊ ነው።»

«መጽሐፉማ አርጅቶ ቀለሙ ለቆ ነው። እኔ በእጄ ስንቱን ጥያለሁ።»

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ እስላም ያረደውን በአፌ አላደርግም። ይህች የሥጋ ሻጭ ልጅ ደግሞ ስለ ሐሞት ታስተምረኛለች። አረንጓዴ ቀባሁት። ልክ ስለነበረች ቀባሁት፣ ልክ ስለነበረችም ቂም ያዝኩባት።

ሽቦውን ሳስር ብቻዬን ነበርኩ። ወረቀቱ የተሳለው ከፊት እንደሚታየው ነው። ሽቦ የሚታሰረው ግን ሰሌዳው ተገልብጦ ከጀርባው ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ቀኝ የሆነው በእጄ ግራ ይሆናል። ይህን አውቃለሁ። «ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ» እያልኩ እየገለበጥኩ አንድ በአንድ አሰርኩ። ሐሞቱና ጣፊያው በአንድ ቁመት ላይ ናቸው፤ አንዱ በዚህ ጎን፣ ሌላው በዚያ። እነሱ ጋ ስደርስ ለስብሰባ ተጠራሁ። ስለ ምን እንደተሰበሰብን አላስታውስም። ቁጭ ብለን እጃችንን እንዳወጣን ብቻ አስታውሳለሁ። ስመለስ ስሞቹን ገልብጬ የሥዕሎቹን መገልበጥ ግን ረስቼ የወረቀቱን ተከተልኩ። የሐሞቱ ሽቦ ወደ ጣፊያ ስም፣ የጣፊያው ወደ ሐሞት ስም ሄደ።

ይህን እንደ ኃጢአት አልቆጥረውም። ማንም ይሳሳታል። ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀት አላበላሽም ነበር።

የወላጆች ቀን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ዘሃራ መጣች።

«እትዬ፣ ሁሉንም አንድ ጊዜ በሽቦ እንሞክራቸው?»

«ድንጋዩ ያልቃል።»

የባትሪ ድንጋይ ያን ጊዜ በገበያ አይገኝም። ሁለቱ ድንጋዮች በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ነበር የወጡልን። ለዕለቱ እንዳይደክሙ ብዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። የሞከርኩት ልብና ሳንባን ብቻ ነው። ሁለቱም በርተዋል።

«አንድ ጊዜ ብንሞክር አያልቅም እትዬ። እኔ እኮ ነኝ የምወጣው።»

እሷ እንደምትወጣ አውቃለሁ። በክፍሉ አንደኛ የነበረችው እሷ ናት። ሌላም የማውቀው ነበር። ራሷ ነግራኛለች። ሊያጫት የመጣ ሰው ነበረ። አባቷ ግን ለሰውዬው መልስ ሳይሰጡ፣ «መጀመሪያ ሄጄ ልጄን ሰው ፊት ልያት» ብለዋል። የወላጆች ቀን መጥተው አይተዋት፣ የምትማረው ነገር ካለ ትማራለች፤ ከሌለ አብራቸው ትመለሳለች። ዘሃራ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። አትፈራም። ባዮሎጂውን ታውቀዋለቻ!

«አንቺ ያጠናሽውን አጥኚ» አልኳት። «ሽቦው የእኔ ሥራ ነው።»

በወላጆች ቀን አዳራሹ ሞላ። ከመዘዞ የመጡ በግ አርቢዎች፣ የከተማው ነጋዴዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ፊት ለፊት ደግሞ መምህራኑ። መሐል ላይ ከአውራጃው የመጡት እንግዳ ተቀምጠዋል፤ ካኪ የለበሱ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ እጃቸው ላይ ዘንግ ያለ። የአውራጃው ምርጥ መሣሪያ ወደ ኤግዚቢሽን እንደሚላክ ሰምተናል። ዲሬክተሩ ይህን ሲያስብ ላብ ያልበው ነበር። እኔ ደግሞ ሰሌዳው ከተመረጠ ቋሚ እንደምደረግ ተነግሮኛል። አቶ ይማም ከኋላ፣ ግድግዳው ዘንድ፣ ነጭ ቆባቸውን አድርገው ቆመው ነበር። ያን ሁሉ ዳገት ሌሊቱን አቋርጠው መጥተው፣ ወንበር ያቀረበላቸው አልነበረም።

ዘሃራ ተጠርታ ወጣች። ልብ አለች፣ በራ። ሳንባ፣ በራ። ኩላሊት፣ በራ። አዳራሹ በየጊዜው ያጨበጭባል። አንድ የመዘዞ ሰው «ወይ ጉድ፣ እያየች ነው እኮ የምትመልስ!» ሲል ሰማሁት፤ አምፑሏን ማለቱ ነው። እንግዳው ደስ አላቸው። ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሥዕሉን በዘንጋቸው ነኩ።

«ያቺ አረንጓዴዋስ?»

ዘሃራ አንዱን ሽቦ አረንጓዴዋ ላይ፣ ሌላውን ሐሞት የሚለው ስም ላይ አስነካች። አልበራም። በሻሿ ጫፍ ምስማሩን ጠረግ አድርጋ ደገመች። አልበራም።

«ድንጋዩ ደክሞ ይሆናል» አለ አንድ መምህር።

ዘሃራ ልቡን ነካች። ቦግ አለ። ወደ አረንጓዴዋ ተመለሰች። ጨለማ። ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ጀመሩ።

«ቆላ ሐሞት የለም እንዴ?»

«ጠፋባት! ክብሪት ስጧት!»

«ትክክል ነው» አለች ዘሃራ። «ይህ ሐሞት ነው። የተሳሳተው ሰሌዳው ነው።»

ዲሬክተሩ ቀላ። «መብራት ይዋሻል እንግዲህ? መብራት ዘመድ የለው፣ ወገን የለው!»

«ሳይንስ ነው ጓድ ተማሪ» አሉ እንግዳው፤ «በሳይንስ ላይ ክርክር የለም።» በአገሩ ላይ ስንትና ስንት ነገር የሚወስን ሰው፣ አንዲት የእጅ ባትሪ አምፑል ፊት ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆሟል።

ዘሃራ ፊቷን ወደ ሕዝቡ አዞረች። ስሞቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ስለነበር ወላጆቹ አያነቧቸውም። ሥዕሉን ግን ያያሉ።

«አባዬ!» አለች። «ይህች አረንጓዴዋ ምንድን ናት?»

አቶ ይማም ከግድግዳው ራቅ አሉ። ሁሉም ዞሮ አያቸው።

«ሐሞት ናታ» አሉ ቀስ ብለው። «ከጉበት ሥር ናት። ያቺ ወዲያ ማዶ ከጨጓራው ጋር ያለችዋማ ጣፊያ ናት። ወላሂ፣ በእጄ ስንት በግ ከፍቻለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ሥጋ ሻጩ ዶክተር ሆኑ!»

«አባባ፣ ኩላሊቱንም ይመዝኑልና!»

የሳቁትን ልንገራችሁ። በዚያ አዳራሽ በሕይወቱ በግ ሲከፈት ያላየ አንድም ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ ያቺን አረንጓዴ ከረጢት ሥጋው እንዳይመርበት ተጠንቅቆ በእጁ ቆርጦ ጥሏታል፣ ወይም ሚስቱ ስትጥል አይቷል። ሁሉም ያውቃታል። ግን አምፑል አልበራምና ሳቀ። ዓይኑ ያየውን፣ እጁ የዳሰሰውን ለአንዲት የባትሪ አምፑል ብሎ ካደ። መምህራኑ ይብሱ ነበር። እነሱ ስሙንም ያነባሉ። የእንግሊዝኛ መምህሩ አንብቦ፣ ተረድቶ፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ አጠበቀ። ጫማው ማሰሪያ የለውም ነበር።

እነዚህን ሁሉ እንቃቸዋለሁ። ቢሆንም ከእነሱ ማንም ሽቦ አላዞረም። እኔ ነኝ።

ዲሬክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «አስካለ፣ ሰሌዳውን ፈትሸሻል?»

በዚያች ቅጽበት ገባኝ። እንዴት እንደገባኝ በደንብ አስታውሳለሁ። ስብሰባው ትዝ አለኝ፣ ሰሌዳው በጀርባው ተኝቶ ትዝ አለኝ፣ የወረቀቱ መስመርና የእጄ መስመር በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ትዝ አለኝ። የሐሞቱ ሽቦ ጣፊያው ዘንድ እንዳለ እንዳየሁት ያህል አወቅሁ። ሰሌዳውን መገልበጥ ብቻ ነበረብኝ። «ሽቦውን አሳስቼ አስሬዋለሁ» ማለት ብቻ ነበረብኝ። ምን ይመጣብኝ ነበር? ዲሬክተሩ ይቆጣል። ሰሌዳው ኤግዚቢሽን አይሄድም። እኔ በጊዜያዊነት እቆያለሁ፣ ወይም አንኮበር እመለሳለሁ። ከዚያ የከፋ ነገር አልነበረም። አሻጥረኛ ተብዬ እታሰር ይሆን ብዬ ፈርቼ ነው እያልኩ ለራሴ ለዓመታት ስነግረው ነበር። ውሸት ነው። በዚያ ሰዓት እስር ትዝም አላለኝ። ትዝ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአሊዩ አምባ ሥጋ ሻጭ ከነልጁ ትክክል፣ እኔ ስሕተተኛ ሆኜ ያ ሁሉ ሰው ሊያየኝ ነው።

«ሦስት ጊዜ ፈትሼዋለሁ ጓድ ዲሬክተር» አልኩ።

ዘሃራ ቀና ብላ አየችኝ። እንዳልፈተሽኩት የምታውቅ ብቸኛዋ ሰው እሷ ናት። ድንጋዩ ያልቃል ያልኳት እኔ ነኝ። አላጋለጠችኝም። ቆይታ ትናገራለች ብላ ጠብቃኝ መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው።

«እንግዲያው አሳዪያቸው» አለ ዲሬክተሩ።

ወጣሁ። ሽቦዎቹን ከዘሃራ እጅ ተቀበልኩ። እጇ ሞቃት ነበር። አንዱን ሽቦ አረንጓዴዋ ላይ አስነካሁ። ሌላውን ይዤ ጣፊያ የሚለውን ስም ነካሁ። እንደሚበራ አውቃለሁ። አውቄ ነካሁት። በራ።

«ጣፊያ» አልኩ፣ ኋላ ያሉትም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ።

አጨበጨቡልኝ። አረንጓዴ ሐሞት እያዩ፣ ጣፊያ ነው ስላቸው አጨበጨቡ። የመዘዞዎቹ በግ አርቢዎች አጨበጨቡ። እንግዳው አጨበጨቡ። እኔም፣ ይህን ልደብቃችሁ አልችልም፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ከዚያ ዲሬክተሩ ዘሃራን አንቺም እንደ እሷ ነክተሽ ይቅርታ ጠይቂ አላት። ሽቦውን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

«ሐሞት ነው» አለችና ከመድረኩ ወረደች።

አቶ ይማም ልጃቸውን ከአዳራሹ በር ተቀበሏት። ሁለቱን ተከትዬ ወጣሁ፤ ለምን እንደተከተልኩ አላውቅም። በግቢው መሐል ዘሃራ ክንዳቸውን ይዛ ታለቅስ ነበር።

«አባዬ፣ እኔ አልሳትኩም። ልማር። በአላህ፣ ልማር።»

«እንዳልሳትሽማ አውቃለሁ» አሉ። «ስተሽ ቢሆን ትቼሽ እሄድ ነበር፤ የሳተ ይማራል። ሐሞት የማይታወቅበት ቤት ግን ምን ልትማሪ ነው የምትቀሪ?»

ይህን ስሰማ ከእነሱ ሃያ እርምጃ አልርቅም ነበር። ዘሃራ በአባቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። አየችኝና እንባዋን ጠርጋ ቆመች። እየጠበቀችኝ ነበር። አሁንም ጊዜ ነበረ። ወደ እሳቸው ሃያ እርምጃ ሄጄ «አቶ ይማም፣ ሽቦውን ያጣመምኩት እኔ ነኝ፣ ልጅዎን ይተዉልኝ» ብል ይተዉልኝ ነበር። ይህን እንደማምነው የማምነው ነገር የለም። እሳቸው የሚፈልጉት በዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ሐሞትን ሐሞት ሲል መስማት ብቻ ነበር።

በአንገቴ ያለውን ቁልፍ አወጣሁ። ዕቃ ቤቱን ከፍቼ ገባሁ። ካርቶን ሉሎቹን ደርድሬ ስወጣ ሄደዋል።

ሰኞ ጠዋት ሰሌዳውን ገልብጬ ሁለቱን ሽቦ ፈታሁና አቀያየርኳቸው። ፒንሳ ከማንሣት ፒንሳ እስከ ማስቀመጥ ውሃ የሚፈላበትን ያህል ጊዜ አልወሰደም። ማንም አላየኝም። ከዚያ በኋላ አረንጓዴዋ በሐሞት ትበራ ጀመር። ባለፈው በጣፊያ በርታ ነበር ያለ አንድም ተማሪ፣ አንድም መምህር አልመጣም። ዓርብ ዕለት ጣፊያ ሆና ያጨበጨቡላት፣ ሰኞ ሐሞት ስትሆንም ተቀበሉ። ሰሌዳው ኤግዚቢሽን ሄደ። ቋሚ ሆንኩ። በስሜ የምስክር ወረቀት መጣ፣ ዲሬክተሩ በመስታወት አስገብቶ ሰጠኝ። ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ኖርኩ። የባዮሎጂ መምህሩ ከዘመቻ ሲመለስ ስለ ዘሃራ ጠየቀኝ፤ «አባቷ ሊድሯት ወሰዷት፣ የቆላ ነገር» አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። አመነኝ። ለምን አያምነኝ?

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ምናልባት፣ ወጣት ነበርሽ፣ ዘመኑ ክፉ ነበር ትሉኝ ይሆናል። አትቸኩሉ።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ያው በደርግ ጊዜ፣ አባቴን ልጠይቅ አንኮበር ሄጄ ከእህቴ ጋር ጥጥ ለመግዛት ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ወረድን። ከአንዲት ጥጥ ሻጭ ፊት ተቀምጬ ጥጡን በእጄ እየፈተሽኩ ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ ደህና ነዎት?»

ዘሃራ ናት። ወፍራለች። አጠገቧ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ቁርጥ የእናቷ። ተሳሳምን። ስለ ዝናቡ ጠየቀችኝ፣ ስለ አባቴ ጤና ጠየቀችኝ። አባቷ እንዳረፉ ነገረችኝ። ነፍስ ይማር አልኩ። እሷም አሚን አለች። ከዚያ ጥጡን ሚዛን ላይ እየጫነች፣ ቀና ሳትል፣

«ያ ሰሌዳ አሁንም አለ?» አለችኝ።

«አርጅቷል።»

«የሐሞቱ ሽቦ ከኋላ ተገልብጦ ነበር አይደል? ያን ዕለት በቅሎ ላይ ሆኜ፣ አንኮበር ስንደርስ ነው የገባኝ። ከፊት ቀኝ የሆነው ከጀርባ ሲያዩት ግራ ነው። ደግሞ ሁለቱ ትይዩ ናቸው። ማንም ይስታል።»

በድምፅዋ ቁጣ አልነበረም። አሥረኛ ክፍል ላይ የተቋረጠች ሴት፣ መጽሐፍ ሳይኖራት፣ ሰሌዳውን ሳትነካው፣ በበቅሎ ጀርባ ላይ ሆና ነበር ያገኘችው። ማንም ይስታል ስትለኝ በሩን ከፍታልኝ መቆሟ ነበር። መግባት ብቻ ነበረብኝ። «አዎ» የሚል አንድ ቃል። ዲሬክተር የለም፣ እንግዳ የለም፣ ኤግዚቢሽን የለም፣ ቋሚ ሆኛለሁ። የሚያስፈራኝ ነገር በዚያ ገበያ ላይ አልነበረም። እህቴም በርበሬ ልታይ ርቃለች።

«የምን ሽቦ?» አልኩ።

ዘሃራ ሚዛኑን አስተካከለች። ትንሽ ፈገግ አለች።

«ይሁን» አለች። ከዚያም ወደ ልጇ ዞራ፣ «ተነሺ፣ እትዬን ሳሚያቸው። አስተማሪዬ ነበሩ» አለቻት።

ልጅቷ ተነሥታ ጉልበቴን ሳመች። እኔም ራሷን ዳበስኩ። ጥጤን ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ።

እንግዲህ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ አሊዩ አምባ ወርጄ አላውቅም። ዘሃራ ትኑር አትኑር አላውቅም፣ አልጠየቅሁምም። ይህን የምታነቡ ይቅር እንድትሉኝ አልጠይቅም፤ ይቅር ማለት የእናንተ አይደለም። የእሷ ነበር፣ ጥጥ ላይ ተቀምጣ ሰጥታኝ አልተቀበልኳትም። ዘመኑንም አላመካኝም። ዘመኑ ፒንሳ አልያዘም። ሰኞ ወደ እህቴ ልጅ ሄጄ ይህን ወረቀት አነብላታለሁ፤ በዚያ ነጭ ሰሌዳ ቀይ ምልክት የመጣባትን ልጅ ስሟን እንድታጣራልኝ፣ ለምን እንደዚያ እንደመለሰችም እንድትጠይቃት። ልጅቷ ምናልባት ስታ ይሆናል። ቢሆንም ትጠየቅ።

በዚያ አዳራሽ ያልተናገርኩትን፣ በገበያውም የካድኩትን፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አሁን እናገራለሁ። ዘሃራ ይማም ትክክል ነበረች። አባቷም ትክክል ነበሩ። አረንጓዴዋ ሐሞት ነበረች። ሽቦውን ያጣመምኩት እኔ ነኝ፤ እንደተጣመመም እያወቅሁ አስነክቼ አበራሁት።